ስለ አሮጌ የላቦራቶሪ ዕቃና በውስጡ ስለ ተረፈው መርዝ

የኬሚስትሪ ትምህርት የተከታተለ ሰው ሁሉ ከመምህራኑ አፍ ሳይሰማው የማይቀር አንድ ዓይነት ወሬ አለ። «እኛ ተማሪዎች በነበርንበት ጊዜ ባዜቃውን በመዳፋችን ላይ እያንከባለልን እንጫወትበት ነበር፤ አሲዱን በፒፔት በአፋችን እንስበው ነበር፤ እጃችንን ቀለም ሲነካው በቤንዝን ታጥበን ወደ ምሳ እንሄድ ነበር፤ ይኸውላችሁ ምንም አልሆንንም» ይባላል። ተራኪው ደስ ይለዋል፤ ሰሚውም ይሥቃል፤ ከሣቀም በኋላ «እንግዲያው ይህ ሁሉ ጓንትና መነጽር ለምንድር ነው?» ብሎ ማሰቡ አይቀርም። (ቤንዝን ስል መኪና የሚቀዳውን ቤንዚን ማለቴ አይደለም፤ ስድስት ካርቦንና ስድስት ሃይድሮጂን በቀለበት ተያይዘው የሚገኙበትን፣ የደም ነቀርሳ ማምጣቱ የተረጋገጠውን ፈሳሽ ማለቴ ነው።)

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ወሬው ብቻ አይደለም። ባለፈው ዕረፍት የአንድ ላቦራቶሪ አሮጌ መጋዘን ሲጸዳ ለመርዳት ከገቡት ተማሪዎች አንዱ ነበርሁ። በመደርደሪያው ላይ ጽሑፋቸው የደበዘዘ ብልቃጦች፣ በመስተዋት ቤት ውስጥ የተቀመጠ የነሐስ ሚዛን፣ ሦስት ሆድ ያለው እንግዳ የብርጭቆ ዕቃ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ባለ ባዜቃ ባሮሜትር አገኘን። ወዲያው በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቹ «ሁሉም መርዝ ነው፤ ተጠራርጎ ይጣል» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ይህማ ቅርስ ነው፤ አንዳንዱን ለየራሳችን እንያዝ» አሉ። ሁለቱም ወገኖች ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘው ነበር፤ የቀረው ግማሽ ግን ሰው ሊገድል የሚችል ነው። ስለዚህ ዕቃውን ከመርዙ ለይቶ ማወቅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ኬሚስትሪን በልጅነት፣ በቤት ውስጥ፣ በገዛ እጅ መማር በአውሮፓና በአሜሪካ የቆየ ልማድ ነበር። ከነዚያ ልጆች ታሪክ ይበልጥ ታውቆ የሚገኘው የኦሊቨር ሳክስ ነው። ሳክስ በ1933 ለንደን ከሐኪም አባትና ከሐኪም እናት ተወለደ፤ ራሱም የነርቭ ሐኪም ሆኖ በጽሑፎቹ ዓለም አወቀው፤ በ2015 ዐረፈ። በ2001 ያሳተመው «አጎቴ ተንግስተን» የተባለው መጽሐፍ የሚናገረው ግን ስለ ሕክምና ሳይሆን ስለ ልጅነቱ ኬሚስትሪ ነው። አጎቱ ከተንግስተን ሽቦ የኤሌክትሪክ አምፖል የሚሠራ ፋብሪካ ነበረው፤ የእኅቱ ልጅም ማዕድናትን በእጁ እየመዘነ፣ እያሸተተ፣ እያቃጠለ አደገ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በቤታቸው ውስጥ አንድ ክፍል ለላቦራቶሪ ተሰጠው። ቅመሞቹን የሚገዛው ከለንደን የላቦራቶሪ ዕቃ መደብር ነበር፤ ሻጮቹም ዛሬ ለአዋቂ እንኳ ያለ ፈቃድ የማይሰጠውን ሁሉ ለዚያ ብላቴና ይሸጡለት ነበር።

አንድ ጊዜ ቤቱን በሰልፈራማ ሃይድሮጂን ሽታ ስለ ሞላው ወላጆቹ ሙከራውን አልከለከሉትም፤ የጢስ መውጫ ያለው ቁም ሳጥን እንዲሠራለት ነው ያደረጉት። ይህን ነጥብ ልብ በሉልኝ፤ ስለ እነዚያ ልጆች ስናወራ «ነፃነት ነበራቸው» እንላለን እንጂ፣ ከጀርባቸው የቆመውን ዐዋቂና ጢሱን የሚያወጣውን ቁም ሳጥን እንረሳለን።

ሳክስና ሁለት ጓደኞቹ አንድ ቀን ወደ ሦስት ፓውንድ የሚጠጋ ሶዲየም ገዝተው በሰሜን ለንደን በሚገኝ ኩሬ ውስጥ ወረወሩት። ብረቱ በእሳት ተያይዞ በውሃው ላይ ሮጠ። የምንማረው ማብራሪያ ቀላል ነው፤ ሶዲየም ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጂን ይወጣል፣ ሙቀት ይፈጠራል፣ ሃይድሮጂኑ ይቀጣጠላል። ነገር ግን ይህ ማብራሪያ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ብዙ ዘመን ኖሯል። በብረቱና በውሃው መካከል የሚወጣው ሃይድሮጂን ራሱ እንደ ትራስ ሆኖ ሁለቱን ሊለያያቸውና ነገሩን ሊያቀዘቅዘው ይገባ ነበር፤ ታዲያ ለምን ይፈነዳል? መልሱ የተገኘው በቅርቡ፣ በ2015 ነው። የፕራግ ተመራማሪዎች የሶዲየምና የፖታሲየም ቅልቅል ጠብታ ውሃ ላይ ጥለው እጅግ ፈጣን በሆነ ካሜራ አነሡት። ጠብታው ውሃውን በነካ ከአንድ ሺህኛ ሰኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንደ ጃርት እሾህ አወጣ። ምክንያቱም ኤሌክትሮኖች ከብረቱ ወደ ውሃው ስለሚሸሹ፣ በብረቱ ውስጥ የቀሩት አዎንታዊ ሙል ያላቸው አቶሞች እርስ በርሳቸው ተገፋፍተው ጠብታውን ይበታትኑታል፤ በተበታተነም ቁጥር አዲስ ገጽ ለውሃው ይጋለጣል። እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ተማሪ ሁሉ ሲያየው የኖረው ነገር እንኳ ገና በደንብ አልታወቀም ነበር ማለት ነው።

በአሜሪካ ደግሞ ነገሩ ንግድ ሆነ። በ1908 የለንደን ኦሊምፒክ በምርኩዝ ዝላይ የወርቅ ሜዳልያ ከተሸለሙት አንዱ የሆነው አልፍሬድ ካርልተን ጊልበርት ከስፖርቱ በኋላ የልጆች መጫወቻ ፋብሪካ አቆመ፤ የኬሚስትሪ ሣጥኖቹም በየቤቱ ገቡ። ከሁሉም ይልቅ ዛሬ የሚያስደንቀን በ1950 ያወጣው የአቶም ላቦራቶሪ ነው። ዋጋው 49 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር፤ በውስጡም አራት ዓይነት ዩራኒየም ያለበት ድንጋይ በብልቃጥ፣ የጋይገር መቁጠሪያ፣ የጨረር መንገድ በጉም ውስጥ የሚታይበት ዕቃና ሌላም ነበረበት። አምስት ሺህ ሳይሞላ በ1951 ሽያጩ ቆመ። በኋላ ዘመን ጸሐፊዎች «ከመጫወቻ ሁሉ አደገኛው» ብለው ስም አወጡለት። እኔ ግን በዚህ ፍርድ አልስማማም። ከዩራኒየም ድንጋይ የሚወጣው የአልፋ ጨረር አንድ ወረቀት አያልፍም፤ ብልቃጡ ተከፍቶ ዱቄቱ በሳንባ ካልተሳበ በቀር ልጁን እምብዛም አይጎዳውም። በዚያው ዘመን በሌሎቹ ሣጥኖችና በየቤቱ ጓዳ ይገኙ የነበሩት ነገሮች ይልቅ ይከፉ ነበር። ካርቦን ቴትራክሎራይድን ብንወስድ ልብስ ለማጽዳት፣ በእሳት ማጥፊያም ውስጥ ይገባ ነበር፤ ጉበትን የሚያጠፋ ተን እንደ ሆነ ግን ማንም ልጅ አልተነገረውም። ዩራኒየም የሚለው ስም ያስፈራል፤ ጣፋጭ ሽታ ያለው ፈሳሽ ግን አያስፈራም። ሰው የሚጎዳውም ብዙውን ጊዜ በማያስፈራው ነው።

በአሜሪካ በ1960 አደገኛ ቅመም ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት ሕግ ወጣ፤ በ1969 የመጫወቻ ደኅንነት ሕግ ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ ሣጥኖቹ እየሳሱ ሄዱና በመጨረሻ «ከኬሚካል ነፃ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት የኬሚስትሪ መጫወቻ እስከ መሸጥ ተደረሰ። ውሃስ ምን ይሆን? ብሎ የጠየቀ ልጅ መኖሩን አልሰማሁም።

አሁን ወደ ባዜቃው እመለሳለሁ፤ በመጋዘናችን ውስጥ በብዛት የተገኘው እርሱ ነውና። እኔ ራሴ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ መምህር የሽንብራ ፍሬ የምታህል ባዜቃ በእያንዳንዳችን መዳፍ ላይ በተራ አስቀምጦልን ነበር። የተሰማኝ ነገር ዛሬም አልጠፋብኝም፤ ትንሿ ነገር እንዲያ መክበዷ፣ ቀዝቅዛ ሳታርስ መሸሿ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ሲመዝን አንድ ሊትር ባዜቃ 13.6 ኪሎ ይመዝናል። «ምንም አልሆንንም» የሚለው ወሬም በዚህ በኩል እውነት አለበት። ብረት የሆነው ባዜቃ በጤናማ ቆዳ በኩል እምብዛም አይገባም፤ ቢዋጥ እንኳ አብዛኛው በአንጀት አልፎ ይወጣል።

መርዙ ያለው በተኑ ነው። ከተሳበው የባዜቃ ተን ከመቶ ሰማንያ ያህሉ በሰውነት ውስጥ ይቀራል፤ ከደም ወደ አንጎል ይገባል። ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ አያስለቅስም፤ አያስነጥስም። አንድ አራት ሜትር በአምስት፣ ቁመቱም ሦስት ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ፤ 60 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በ20 ዲግሪ ሙቀት አየሩ ባዜቃ ጠጥቶ እስኪጠግብ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 13 ሚሊግራም ያህል ይይዛል። ስለዚህ ክፍሉን ለማጥገብ የሚበቃው 780 ሚሊግራም፣ ማለት አንዲት ጠብታ ናት። ለሠራተኛ ተፈቅዶ የሚገኘው ልክ ደግሞ በብዙ አገር 0.025 ሚሊግራም በሜትር ኩብ ነው፤ የጠገበው አየር ከዚህ ከ500 እጅ በላይ ነው። እርግጥ ነው፤ በር ሲከፈት አየር ይለዋወጣል፤ ጠብታዋም ቀስ ብላ ነው የምትተነው። ነገር ግን በወለሉ ሳንቃ ስንጥቅ የገባች ጠብታ አንድ ቀን ሳይሆን ለዓመታት ስትተን ትኖራለች።

ይህን በገዛ አካሉ የተማረው ጀርመናዊው ሊቅ አልፍሬድ ሽቶክ ነው። ሽቶክ በ1876 ተወለደ። የቦሮንና የሲሊኮን ሃይድራይዶችን ያጠና ሰው ነው፤ እነዚህ ጋዞች አየር ሲነካቸው ስለሚቀጣጠሉ፣ ሁሉን ነገር አየር በሌለበት የብርጭቆ ቧንቧ ውስጥ በባዜቃ መዝጊያና በባዜቃ ፓምፕ ይሠራ ነበር። ራሱን ያመው ጀመር፤ አፍንጫው ታፈነ፤ ማዞር መጣ፤ ድዱ ቈሰለ። ከሁሉ የከፋው የማስታወስ ኀይሉ መክዳቱ ነበር። የስልክ ቁጥር ከመጽሐፉ አይቶ ወደ ስልኩ እስኪሄድ ድረስ ይጠፋበት ነበር። ሐኪም ለሐኪም ተመላለሰ፤ ማንም አላወቀለትም። ከሃያ ዓመት በላይ ከተሠቃየ በኋላ አብረውት የሚሠሩትም ያንኑ ሕመም ሲታመሙ ምክንያቱ ተገኘ። በ1926 ስለ ባዜቃ ተን አደገኛነት ጽሑፍ አወጣ፤ የራሱን ሕመም ሳይደብቅ አንድ በአንድ ጻፈው፤ በቀሪው ዕድሜውም በአየር ውስጥ ያለችን ጥቂት ባዜቃ እንዴት መለካት እንደሚቻል ሲመረምር ኖረ። ከሞተ፣ ከ1946 ወዲህ ማለት ነው፣ «ምንም አልሆንንም» የሚሉ ብዙዎች ጽሑፉን ያነበቡት አይመስለኝም። ያ ትውልድ ምንም ያልሆነ ሳይሆን፣ ራስ ምታቱንና መርሳቱን ለሌላ ምክንያት የሰጠ ሊሆን ይችላል።

ጓንትም ቢሆን እንደ ጓንቱ ነው። በአሜሪካ በዳርትመዝ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበረችው ካረን ዌተርሃን የመርዛማ ብረቶች ሊቅ ነበረች። በነሐሴ 1996 ዳይሜቲል ሜርኩሪ የተባለውን የባዜቃ ውሁድ ስትሠራ ጥቂት ጠብታ በላስቲክ ጓንቷ ላይ ወደቀ። የጢስ ቁም ሳጥኑ ነበረ፤ ጓንቱ ነበረ፤ ደንቡም ተጠብቆ ነበር። በኋላ ሲመረመር ፈሳሹ በዚያ ዓይነት ጓንት ውስጥ በሰኮንዶች ማለፉ ታወቀ። ከወራት በኋላ አካሄዷ ተንገዳገደ፤ አነጋገሯ ተያዘ፤ በሰኔ 1997 በ48 ዓመቷ ሞተች። መዳፋችን ላይ ከተንከባለለው ባዜቃና እርሷን ከገደላት ባዜቃ ያለው ልዩነት ሁለት የካርቦን ቅርንጫፎች ናቸው። ስለዚህ ብልቃጥ ላይ «ባዜቃ» የሚል ቃል አይቶ «ይህን አውቀዋለሁ» ማለት አይቻልም።

ይሁን እንጂ በአሮጌ መጋዘን ከባዜቃ ይልቅ ቶሎ የሚገድሉ ሌሎች አሉ። እነርሱም ሲገቡ አደገኛ ያልነበሩ፣ ዓመታት ያከፋቸው ናቸው። ኤተር በብልቃጡ ውስጥ ካለው አየር ጋር ቀስ በቀስ እየተዋሐደ ፐርኦክሳይድ የሚባል ነገር ይሠራል። ፈሳሹ ሲተን እርሱ ይቀራል፤ በክዳኑ ዙሪያ ክሪስታል ሆኖ ይጋገራል። ያን ክዳን ለመክፈት የጠመዘዘ ሰው የሚፈጥረው ፍትጊያ ለፍንዳታ ይበቃል። ፒክሪክ አሲድም እንዲሁ ነው። ደማቅ ቢጫ ነው፤ ውሃ ተጨምሮበት እስካለ ድረስ ጸጥ ያለ ነው። የአካል ናሙና ለማዘጋጀት ስለሚያገለግል በባዮሎጂ ላቦራቶሪ ዘንድ ይገኛል። ውሃው ሲደርቅ ግን ፈንጂ ነው። በታኅሣሥ 1917 በካናዳ ሃሊፋክስ ወደብ የፈነዳችው መርከብ ከጫነቻቸው ነገሮች ዋናው ይኸው ፒክሪክ አሲድ ነበር፤ በዚያ ፍንዳታ የሞተው ሕዝብ 1,800 ገደማ ነው። በ2016 በብሪታንያ የዚህ የቅርብ ዘመድ የሆነ አንድ ቅመም በመድረቁ ምክንያት ፈንጂ አምካኞች በመቶ ወደሚቈጠሩ ትምህርት ቤቶች ተጠርተዋል። ፖታሲየም ደግሞ በዘይት ውስጥ ሆኖ ሲያረጅ ቢጫ ቅርፊት ያወጣል፤ ቅርፊቱን በቢላዋ መቍረጥ ዘይቱንና ኦክስጅን የበዛበትን ቅርፊት ማጋጠም ስለ ሆነ ሊፈነዳ ይችላል።

በእነዚህ በሦስቱ ዘንድ የሚደረገው አንድ ብቻ ነው። አይነሡም፤ አይከፈቱም፤ አይነቀነቁም። መብራቱ ጠፍቶ በሩ ተዘግቶ ለላቦራቶሪው ኀላፊ ይነገራል። በተለይ «ጽሑፉን ላንብበው» ብሎ ብልቃጡን ማዞር የተማሪ ሁሉ ፈተና ነው፤ ከተጠራጠራችሁ ካለበት ሆኖ በስልክ ፎቶግራፍ ይነሣና ፎቶግራፉ ይነበብ።

ከዚህ በኋላ ወደ ደስ ወደሚለው ክፍል እንለፍ። በውጭ አገር አሮጌ የሳይንስ ዕቃ መሰብሰብ ትልቅ ሥራ ሆኗል። ሮበርት ዊፕል የተባለው የሳይንስ መሣሪያ ፋብሪካ መሪ በዘመኑ ሁሉ ሲሰበስብ የቈየውን ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ መሣሪያ በ1944 ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ፤ ሙዚየሙም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በእኛ ዘንድ ግን ነገሩ ከትዝታ ያለፈ ነው። ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን ሁለተኛ ደረጃን ስንጨርስ ጋዝ ሲሠራ በዓይናችን ያየን? የብዙዎቻችን ኬሚስትሪ የሰሌዳ ኬሚስትሪ ነበር። ስለዚህ በመጋዘን የቈየ የሚሠራ ዕቃ ለሰብሳቢ መስኮት ማስጌጫ ከሚሆን ይልቅ ለትምህርት ቤት ማሳያ ቢሆን ይሻላል የሚል አሳብ አለኝ።

ያ ሦስት ሆድ ያለው ብርጭቆ የኪፕ ዕቃ ይባላል፤ የሆላንዱ ፋርማሲስት ፔትሩስ ኪፕ ሥራ ነው። በመካከለኛው ሆድ ዚንክ ይቀመጣል፤ ከላይ የሚፈስሰው የጨው አሲድ ወደ ታችኛው ወርዶ፣ ከዚያ ወደ መካከለኛው ተመልሶ ሲወጣ ዚንኩን ይነካና ሃይድሮጂን ይሰጣል። መክፈቻው ሲዘጋ ጋዙ መውጫ ያጣል፤ አሲዱን ወደ ታች፣ ከታች ደግሞ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ አሲዱ ከዚንኩ ሲለይ ሥራው በራሱ ይቆማል። መዘውር የለው፣ ኤሌክትሪክ የለው፤ ራሱን በራሱ ይገዛል። ከዚህ የተዋበ አሠራር ያለው የብርጭቆ ዕቃ አላውቅም። በዚንክ ፋንታ የብረት ሰልፋይድ ከገባ ግን የሚወጣው ሰልፈራማ ሃይድሮጂን ነው። ይህ ጋዝ የበሰበሰ ዕንቍላል ይሸታል፤ ሰዎችም «ሽታው ያስጠነቅቀኛል» ብለው ይታመኑበታል። ሆኖም መጠኑ ከሚሊዮን እጅ ወደ መቶ ሲደርስ የማሽተት ነርቭን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት ሳይሆን ወደሚገድለው መጠን ተቃረበ ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አሮጌ ኪፕ ሲገኝ በመካከለኛው ሆድ የቀረውን ጥቍር ስብርባሪ ሳያጣሩ አሲድ ማፍሰስ አይገባም።

የነሐሱ ሚዛን የበለጠ ክብር ይገባዋል። ጥሩ የድሮ ሚዛን 200 ግራም ተሸክሞ አንድ አሥረኛ ሚሊግራም ልዩነት ያሳያል፤ ይህም ከሁለት ሚሊዮን አንድ እጅ ነው። ሁለት ሳንቲሜትር ርዝመት ያላት የራስ ጠጉር ብትጣልበት ያስታውቃል። ምሥጢሩ በመካከሉ ባለው የአጌት ድንጋይ ስለት ላይ ነው፤ መላው በትር የሚወዛወዘው በዚያች ስለት ላይ ነው። ድሮ በትሩ በረዘመ ቍጥር ሚዛኑ ይሻላል ይባል ነበር፤ ፓውል ቡንገ የተባለው የሃምቡርግ ሠሪ ግን በ1866 አጭር በትር አድርጎ ትክክለኛነቱ ሳይቀንስ ቶሎ የሚረጋ ሚዛን አወጣ። እንዲህ ያለ ሚዛን ሲጓጓዝ በትሩ በመያዣው መታሰር አለበት፤ ካልታሰረ ስለቱ ይሰበራል፤ ስለቱ የተሰበረ ሚዛን ነሐስ ብቻ ነው። በምናለሽ ተራ እንዲህ ያለ ሚዛን ከአሮጌ ቧንቧና ከምድጃ ክዳን ጋር በኪሎ ሲሸጥ ያየ አንድ ጓደኛ አለኝ። ገዢው ቆራሌ ምን ያውቃል? እርሱ የሚያየው ክብደቱን ነው።

የነሐስ ዕቃን በአሸዋ ወረቀት ወይም በሎሚና በጨው ማብረቅረቅ የተለመደ ነው፤ በእነዚህ ላይ ግን ጥፋት ነው። ሠሪዎቹ ነሐሱን በቫርኒሽ ይሸፍኑት ነበር፤ ያ ወርቃማ ሽፋን ከተፋቀ አይመለስም፤ የሠሪው ስምና ቍጥርም አብሮ ይደመሰሳል። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ማንሣት ይበቃል። ከማጽዳት የሚበልጠው መጻፍ ነው፤ ዕቃው ከየት ክፍል እንደ ተገኘ፣ ለምን ትምህርት ያገለግል እንደ ነበር፣ የሚያስታውሱ አሮጌ ቴክኒሻኖች ካሉ የተናገሩትን በወረቀት ጽፎ ከዕቃው ጋር ማሰር።

ንጹሕ በሚመስሉ ዕቃዎችም ላይ የሚያደክም ጥንቃቄ አለ። በብረት ወንፊቱ መካከል ያለው ነጭ ክብ በአሮጌዎቹ ላይ አስቤስቶስ ነው፤ ሲፈረፈር ብናኙ ሳንባ ይገባል፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በታሸገ ከረጢት ይቀመጥ። በጨለማ የሚያበራ ቀለም የተቀባ የመለኪያ ፊት ራዲየም ሊኖርበት ይችላል፤ የራዲየም ግማሽ ዕድሜ 1,600 ዓመት ስለ ሆነ ብርሃኑ ቢጠፋም ጨረሩ አልጠፋም፤ መስተዋቱ አይከፈት። አየር የወጣለት የክሩክስ ቱቦ ያምራል፤ ከፍተኛ ቮልት ከተሰጠው ግን ኤክስ ሬይ ያመነጫል፤ ሮንትገን በ1895 ጨረሩን ያገኘው እንዲህ ባለ ቱቦ ነውና።

«ታዲያ ወደ ቤቴ ብወስደውስ?» ለሚሉ ጓደኞች አጭር መልስ አለኝ። በሞዴል 19 የገባ ዕቃ በሞዴል 22 ካልሆነ አይወጣም፤ የንብረት ክፍል ሹም ከኤተር ይልቅ ቶሎ ይፈነዳል።

የቀረው ባሮሜትሩ ነው። ብዙዎቻችን የተመኘነው እርሱን ነበር፤ እንጨቱ የጥንት ሥራ ስለ ሆነ እውነትም ያምራል። ነገር ግን በአውሮፓ ለቤት ተብሎ የተሠራ ባለ ባዜቃ ባሮሜትር ቍጥሩ ብዙውን ጊዜ ከ680 ሚሊሜትር በታች አይወርድም፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ባዜቃው የሚቆመው ከ570 እስከ 580 ሚሊሜትር ግድም ነው። ስለዚህ በዚህ ከተማ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ባዜቃው ከቍጥሮቹ ሁሉ በታች፣ ከእንጨቱ ጀርባ ተደብቆ ይውላል፤ ዝናብም ይምጣ ፀሐይ ምንም አይናገርም። ሲጋደም ደግሞ ባዜቃው ይፈስሳል። የላቦራቶሪው ኀላፊ እንደ ቆመ ከግድግዳው አውርዶ ባዜቃውን በወፍራም ብልቃጥ ቀድቶ አሽጎታል፤ እንጨቱና ቱቦው ባዶውን በመደርደሪያው ላይ ይገኛል፤ ማየት የሚፈልግ ከቀትር በኋላ መጥቶ ሊያየው ይችላል።